ስም ያለበት የጨርቅ ስጦታ፦ በሽመና፣ በእጅ ጥልፍ፣ በኮምፒውተር ጥልፍ ወይስ በኪሮሽ?

ለሙሽሮች፣ ለክርስትና ልጅ፣ ለተመራቂ ወይም ለአባት ስም ያለበት ልብስ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፊደሉ ውበት ይጀምራል። መጀመሪያ ቀለም ይመርጣል፣ ቅርጽ ያያል፣ ጨርቁን የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ስሙ በምን ዓይነት ሥራ ይውጣ የሚለውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጨርቁ ምን ያህል ስስ ነው፣ ተቀባዩ ወደፊት እንዴት ያጥበዋል፣ እስከ ቀኑ ድረስ ስንት ሳምንት ቀርቷል። የተጨማደደ ስም፣ ነጩ ላይ የፈሰሰ ቀይ ቀለም፣ ከሠርጉ በኋላ የደረሰ ነጠላ፣ ሁሉም ከእነዚህ አንዱ ሲዘለል የሚመጡ ናቸው።

ጨርቁ ምን ይፈቅዳል?

ነጠላ ሁለት ድርብ ስስ ጨርቅ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከጀርባው የተተወ ክር፣ ቋጠሮና መደገፊያ ወረቀት ሁሉ ከፊት ይታያል። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ይህን ሁሉ ይደብቃል፤ ለጀማሪ እጅ ከጋቢ የተሻለ ጨርቅ የለም። ጥበቡ የተሸመነበት ክፍል ደግሞ በነጠላም በጋቢም ከነጩ መደብ ይልቅ ጠንከር ያለ ስለሆነ መርፌን በተሻለ ይሸከማል።

በእጅ የተሸመነ ልብስ ላይ ብዙ ጊዜ ድሩ (በቁመት የሚወጠረው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በወርድ የሚገባው) ደግሞ የእጅ ፈትል ነው። ፈትሉ ልል ሆኖ የተገመደ ስለሆነ መጀመሪያ ውኃ ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ የተጠለፈበት ክር ግን፣ በተለይ ፖሊስተር ከሆነ፣ አይሰበሰብም። ጨርቁ አጥሮ ክሩ እንዳለ ሲቀር ስሙ ዙሪያውን ይጨማደዳል። ይህን መጨማደድ ካውያ ሆነ ሌላ ነገር አይመልሰውም፤ መከላከያው አንድ ብቻ ነው፣ ከመጥለፍ በፊት ማጠብ። ለብ ባለ ውኃ በጥቂት ሳሙና 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቁ፣ ጥላ ላይ አስጡ። ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ለማወቅ ከመዘፍዘፋችሁ በፊት በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ባለቀለም ክሮችን ምልክት አድርጋችሁ ስፉ። ሲደርቅ ርቀቱ 47 ከሆነ 6 በመቶ አጥሯል ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ጨርቅ ሳይታጠብ ቢጠለፍ ኖሮ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስም ከሥሩ ያለው ጨርቅ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሸሽበት ነበር።

ጥጥ ነው ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ጥጥ አይደለም። ከመቋጫው ሁለት ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ የሚተው ክር ሰው ሠራሽ አለበት። እሱም ቢሆን ለስጦታ አይከለክልም፤ ነገር ግን በጋለ ካውያ አይተኮስም፣ ተቀባዩም ይህን ማወቅ አለበት።

ስሙ ከጨርቁ ጋር ሲሸመን

ከአራቱ ሁሉ እጅግ ዘላቂው ይህ ነው፤ ፊደሉ የጨርቁ አካል ስለሆነ አይተረተርም፣ አይጨማደድም። በዚያው ልክ ማረሚያ የለውም፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚፈልግም እሱ ነው።

ሸማኔው ጥበብ ሲሠራ በጣቱ የተወሰኑ ድሮችን እያነሳ ባለቀለሙን ክር በመካከላቸው ያሳልፋል። በመሆኑም ጥበብ በተፈጥሮው ከነጥብ የተሠራ ሥዕል ነው፤ ቀጥ ያለና ጥግ ያለው ቅርጽ ይወዳል፣ ክብ ይጠላል። በ፣ ሰ፣ ለ፣ ተ ያሉ ፊደሎች ጥሩ ሆነው ይወጣሉ። ወ፣ ዐ፣ ሠ እና ፀ ያሉት ግን ትንሽ ሲሆኑ ማዕዘን ያወጡና ለማንበብ ይቸግራሉ።

ንድፉን ባለካሬ ወረቀት ላይ ሥሩ፤ ለአንድ ፊደል ቢያንስ 7 ካሬ ስፋት በ9 ካሬ ቁመት፣ በፊደልና ፊደል መካከል 2 ካሬ። ከዚያ ሸማኔው 10 በ10 ነጥብ የሆነች አንዲት ሙከራ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ማጉ ከድሩ ስለሚወፍር ወረቀቱ ላይ እኩል ጎን የነበረው ካሬ ጨርቁ ላይ ሲወጣ ይረዝማል ወይም ይጠብባል። ሙከራዋ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሳንቲ ሜትር ቁመት ከሆነች ፊደሎቻችሁም በዚያው ልክ ይወጠራሉ፤ ቁመቱን ከ9 ካሬ ወደ 6 ዝቅ ማድረግ ወይም ስፋቱን መጨመር ይኖርባችኋል።

ሁለት ጥያቄ ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ። የመጀመሪያው፣ ሲሸመን የጥበቡ ፊት ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ወደ ታች ከሆነና ንድፉ ካልተገለበጠ ስሙ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ስሙ በየትኛው አቅጣጫ ይነበባል? የነጠላ ጥበብ በሁለቱ ጫፎች በወርዱ ልክ የሚሄድ ስለሆነ፣ ጫፉ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ሲለበስ ይነበባል፤ ለቤተ ክርስቲያን አመሳቅሎ ለሚያጣፋ ሰው ግን ፊደሉ ይተኛል።

ለጥበቡ በብዛት የሚገባው ሳባ ክር ያብረቀርቃል፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። ሬዮን የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ ግን እርጥብ ሳለ አቅሙ ይዳከማል፤ የሚበጠሰውም በአብዛኛው ሲታጠብ በመጠምዘዝ ነው። ወርቃማና ብርማ ክሮች ከላይ በብረት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ናቸው፤ ለትልቅ ቀን ልብስ ያምራሉ፣ በየሳምንቱ ለሚታጠብ ልብስ ግን አይመከሩም።

ስለ ሽመና ያለን አቋም ይህ ነው፤ ሙሉ ስም ከማሸመን ይልቅ ቀለሙንና የጥበቡን ቅርጽ ለሰውየው ማስመረጥ ይበልጣል። ለእናት የምትወደውን ቀለም፣ ለሙሽራውና ለሙሽራይቱ አንድ ዓይነት ጥበብ በሁለት ስፋት፣ ለሁለቱ ቤተሰብ እናቶች ደግሞ የዚያኑ ጥበብ በቀጭኑ። ሸማኔው የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ ጥራቱ ሌላ ነው። ስም ካስፈለገ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ በጥበቡ መሃል አሸምኑ፣ ሙሉው በእጅ ጥልፍ ይጻፍ። ለስብስብ ልብስ ክሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገዛ፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ “ያው ቀይ” ጎን ለጎን ሲቆም ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ለጥገና የሚሆን አንድ ጥቅል አስቀርታችሁ ከስጦታው ጋር ስጡ።

በአዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የሚኬደው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከዶርዜና ከሌላው የጋሞ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ሙያውን እዚያ አቆይተውታል። ከበዓል ውጭ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሙ። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ የገና፣ የጥምቀትና የጥር ሠርግ ትእዛዝ አንድ ላይ ይወርዳል። ያኔ ሁለት ወር እንኳ ላይበቃ ይችላል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት የሠርግ ሳምንታትም እንደዚያው ናቸው።

የእጅ ጥልፍ

ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ስጦታ ከሆነ፣ ጨርቁም የእጅ ሽመና ከሆነ፣ የምንመርጠው ይህንን ነው። መርፌው ጨርቁ የሚችለውን ያህል ብቻ ይወጋል፤ ሠሪው ክሩ ሲጠብቅ ያላላል፣ ሲላላ ያጠብቃል። ማሽን ይህን አያደርግም።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ዲ ኤም ሲ የተባለው አምራች የጥጥ ጥልፍ ክር አንዱ ውል 8 ሜትር ነው፤ ከ6 ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ስለሆነ እየለያችሁ በ3ቱ ትሠራላችሁ። ቁመቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፊደል በሰንሰለት ጥልፍ ግማሽ ሜትር ያህል ክር ይበላል፤ አምስት ፊደል ያለው ስም በድርብ መስመር ቢሠራ እንኳ አንድ ውል ይበቃዋል። መርፌው ጫፉ ደንደን ያለ 24 ቁጥር ይሁን። ሹል መርፌ የእጅ ፈትሉን ሰንጥቆ ስለሚገባ ጥልፉ ይንጋደዳል፤ ደንዳናው በክሮች መካከል ያልፋል። በተጨማሪ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ክብ መወጠሪያ ያስፈልጋል፤ የውስጥ ቀለበቱን በነጭ የጥጥ ጥብጣብ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ስሱን ጨርቅ ይጨቁነዋል።

ምልክት ማድረጊያው ብዙዎችን ያሳስታል። ካርቦን ወረቀት ነጭ ፈትል ላይ አይለቅም፣ እስክሪብቶም እንዲሁ። በካውያ ሙቀት የሚጠፋው እስክሪብቶ ደግሞ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ ከዜሮ በታች ብርቱ ብርድ ሲመታው መስመሩ ተመልሶ ይታያል። እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ያለ ብርድ ላለበት አገር የሚላክ ስጦታ ላይ በፍጹም አትጠቀሙበት። አስተማማኙ መንገድ ስሙን ስስ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ወረቀቱን በጨርቁ ላይ በሰፋፊ ስፌት ማያያዝ፣ ከነወረቀቱ መጥለፍና ሲያልቅ ወረቀቱን በጥንቃቄ ቀድዶ ማውጣት ነው። የተጻፈበት ግን በእርሳስ ይሁን፣ በጣም ቀለል ተደርጎ።

ነጠላ ላይ ስትሠሩ በሁለቱ ድርብ መካከል ወፈር ያለ ወረቀት ወይም ካርቶን አስገቡ፤ መርፌው የሥሩን ድርብ ሳያገኝ የላዩን ብቻ ይይዛል። ጋቢ ላይ ደግሞ ከአራቱ የላይኛውን ብቻ፣ ቢበዛ ሁለቱን፣ ያዙ። አራቱንም አንድ ላይ የወጋ ጥልፍ ጋቢውን እዚያ ቦታ ላይ ያደርቀዋል፤ ሲታጠብም ድርቦቹ በየራሳቸው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ያብጣል።

ስፌቱን በሰንሰለት ሥሩት፤ ቀጥታ ላይ እያንዳንዱ ቀለበት 3 ሚሊ ሜትር፣ መታጠፊያ ላይ 2። የግዕዝ ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው፤ ለቋሚው ሁለት ሰንሰለት ጎን ለጎን፣ ለአግድሙ አንድ ብታደርጉ ፊደሉ የብራና ጽሕፈት መልክ ይይዛል። ጥቅጥቅ ያለ ሙሌት ጥልፍ ለዚህ ጨርቅ አይሆንም፤ ስሱን መደብ ጎትቶ ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ከ7 ሚሊ ሜትር የረዘመውም በቀለበትና በሰዓት ይያዛል።

ክሩን ከ45 ሳንቲ ሜትር በላይ አትቁረጡ፤ ሲረዝም በየቀዳዳው እየተሻሸ ይሻክራል። በቋጠሮ አትጀምሩ። የፈትል ጨርቅ ልል ስለሆነ ቋጠሮው ወደ ፊት ያልፋል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ጭራ ትታችሁ በመጨረሻ ከጀርባ ካሉት ስፌቶች ሥር አሳልፉት። ከፊደል ወደ ፊደል ክሩን ከጀርባ አትጎትቱ፤ ነጠላ ላይ በቀጥታ ይታያል። አንዱን ፊደል ጨርሳችሁ ቁረጡ፣ ሌላውን በአዲስ ክር ጀምሩ። ሥራውን ባቆማችሁ ቁጥር ጨርቁን ከመወጠሪያው አውጡ፤ ተወጥሮ ያደረ ፈትል ክብ ምልክቱ በቀላሉ አይለቅም።

ልምድ ያለው እጅ አምስት ፊደል ስም በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል። ለጀማሪ ግን ቅዳሜና እሁዱን ስጡት፤ አስቀድሞም በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሁለት ፊደል ይለማመድ።

የኮምፒውተር ጥልፍ

ስድስት ሚዜዎች፣ አሥራ ሁለት የእህትማማች ነጠላ፣ የአንድ ክፍል ተመራቂዎች ሻርፕ፣ እንዲህ ዓይነት ብዛት ሲመጣ የእጅ ጥልፍን ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ንድፉን ወደ ማሽኑ ፋይል የመቀየር ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ለአንዱ የሚወጣው ይቀንሳል። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ለስብስብ ልብስም የሚፈለገው ይኸው ነው።

ችግሩ ማሽኑ የተሠራው ለጠንካራ ጨርቅ መሆኑ ነው። ስፌቶቹ በተለምዶ በ0.4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይደረደራሉ፤ ለቲሸርትና ለፎጣ ልክ ነው፣ ለነጠላ ግን ብረት ነው። ንድፍ ሠሪውን ወደ 0.5 ወይም 0.6 እንዲያላላው ጠይቁ። የፊደሉ ቁመት ከ1.5 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ለላቲን ፊደል ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች የሚያስኬድ መጠን ለአማርኛ አይሠራም፤ የቡ ቅጥል መሃል ላይ፣ የቢ ታች፣ የቤ ደግሞ ቀለበት ናት፣ ሲያንሱ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ይሆናሉ።

ከሥር የሚደረገው መደገፊያ ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። ተቆርጦ የሚቀረው ዓይነት ጋቢ ላይ ችግር የለውም፤ በድርቦቹ መካከል ይደበቃል። ነጠላ ላይ ግን ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ከፊት ይታያል። ለነጠላ ውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ጠይቁ፤ ከሌላቸው ስሙ በጥበቡ ላይ ወይም ከጥበቡ ጋር ተያይዞ ይሠራ። ነጠላውን በቀለበት መወጠርም ያጣምመዋል፤ ጥሩ ባለሙያ መደገፊያውን ብቻ ይወጥርና ነጠላውን ከላዩ ላይ ለጊዜው በስፌት ያያይዘዋል።

ብዙ ቤቶች የአማርኛ ፊደል ማሽኑ ውስጥ የላቸውም፤ ከሥዕል ነው የሚቀዱት። ስለዚህ ስሙን በስልክ አትናገሩ፣ በእጅ ጽሑፍ ፎቶም አትላኩ። ታትሞ የወጣ፣ ትልቅና ጥርት ያለ ጽሑፍ ስጡ፤ ከጨርቁ ዓይነት ጋር በሚመሳሰል ቁራጭ ላይ ሙከራ ሳታዩ ሙሉውን ሥራ አታስጀምሩ። ሙከራውን ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ካልተጨማደደ ብቻ ይቀጥሉ።

በሙቀት ተጫኖ የሚለጠፍ የስም ጽሑፍም አለ፤ ርካሽና ፈጣን ነው። በእጅ በተሸመነ ወጣ ገባ ጨርቅ ላይ ግን በሙሉ አይጣበቅም፣ በጥቂት እጥበት ከጠርዙ መነሳት ይጀምራል። ለቲሸርት ይሁን።

ኪሮሽ

ኪሮሽ የሚወዳደረው ከልብስ ጋር አይደለም። ቦታው የረከቦት ወይም የጠረጴዛ ልብስ፣ የሞሰብ መሸፈኛ፣ የትራስ ልብስ ጠርዝ፣ የሕፃን ኮፍያ ነው። አዲስ ቤት ለገቡ ባልና ሚስት የቤተሰብ ስም ያለበት የረከቦት ልብስ ከስንት ዕቃ ይበልጣል፤ በየቡና ሥነ ሥርዓቱ ይታያልና።

ስም የሚወጣው በካሬ አሠራር ነው፤ ባዶ ካሬዎች መደብ ይሆናሉ፣ የተሞሉት ፊደል። 10 ቁጥር የጥጥ ዳንቴል ክርና 1.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያዙ። እያንዳንዱ ካሬ 3 ዓይን ነው። አራት ፊደል ላለው ስም፣ ለእያንዳንዱ 7 ካሬ፣ በመካከል 1 ካሬ፣ ግራና ቀኝ 2 ካሬ ብንሰጥ 28 ሲደመር 3 ሲደመር 4፣ በድምሩ 35 ካሬ ይመጣል። 35 በ3 ሲባዛ 105፣ ለጠርዝ 1 ዓይን፣ ለመዞሪያ 2 ሲጨመር የመነሻ ሰንሰለቱ 108 ይሆናል። አንድ ካሬ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ጽሑፉ ከ17 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እጃችሁ ላላ ወይም ጠበቅ ያለ ከሆነ ይለያያል፤ ከመጀመራችሁ በፊት 10 ካሬ በ10 ካሬ ሠርታችሁ ለኩ።

ንድፉን ስታነቡ ጎዶሎ ረድፎችን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሙሉ ቁጥሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ሁሉንም ከአንድ አቅጣጫ ያነበበ ሰው ፊደሉ በየረድፉ እየተሰባበረ ይወጣበታል። ግራ እጅ የምትጠቀሙ ከሆነ አቅጣጫውን ገልብጡ፤ አለበለዚያ ስሙ በሙሉ ይገለበጣል። ሲያልቅ አርጥባችሁ በመርፌ ወጥራችሁ አድርቁት፤ ካሬዎቹ ካሬ የሚሆኑት ያኔ ነው። እንዲቆም ከፈለጋችሁ ስታርች እንጂ የስኳር ውኃ አትጠቀሙ፤ ስኳሩ ጉንዳን ይጠራል፣ በእርጥበትም ይጣበቃል።

ለየትኛው ቀን የትኛው?

ለክርስትና ጊዜው የታወቀ ስለሆነ እቅድ ማውጣት ቀላል ነው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ስሙ የሚወጣው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በመሆኑ ሽመናውን በእርግዝናው ወራት ያለ ስም አዝዛችሁ፣ ስሙን ከልደቱ በኋላ በእጅ ጥልፍ መጨመር ነው የሚያዋጣው። ዓለማዊ ስሙና የክርስትና ስሙ የተለያዩ ስለሆኑ የትኛው እንደሚጻፍ ወላጆችን ጠይቁ። ለሕፃን በሚሆን ጨርቅ ጀርባ ላይ አንድም ረዥም የተተወ ክር አይኑር፤ የሕፃን ጣት ይጠመጠምበታል። ዶቃ፣ ቁልፍና ወርቃማ ክር አይግባ። ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው የኪሮሽ መጠቅለያ ለፎቶ እንጂ ለመኝታ አይሆንም።

ለሠርግ፣ ለሙሽሮቹ የተሸመነ ጥበብ ከእጅ ጥልፍ ጋር፣ ለሚዜዎች የኮምፒውተር ጥልፍ። የመልሱን ልብስ ከሠርጉ ጋር አብራችሁ እዘዙ፤ ተለይቶ የታዘዘ እንደሆነ ክሩ አይመሳሰልም።

ለአባት ወይም ለአያት ጋቢ፣ ያለ ጥርጥር የእጅ ጥልፍ። ጽሑፉ ትንሽና ጥግ ላይ ይሁን፣ ቀለሙም ከጥበቡ ጋር የሚሄድ። ጋቢ ፊትን እስከመሸፈን የሚለበስ ነው፤ መሃል ላይ የተጻፈ ትልቅ ስም ቆዳ ላይ ይሻክራል። ከጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ከጥበቡ 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይሁን።

ለምረቃ፣ ብዙ ጊዜ ቀኑ ሲታወቅ አጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚቀረው፤ የተዘጋጀ ነጠላ ወይም ሻርፕ ገዝቶ ማስጠለፍ ይበቃል። ከአንድ ወር በታች ከቀራችሁ ሽመናን እርሱት።

ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ማድረቂያ ማሽኑ ነው። ጋቢ በሙቅ ማድረቂያ ከገባ ይሰበሰባል፣ ይደድራል። እሱ ወይም እሷ በእጅ እንደማያጥቡ ካወቃችሁ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ የታጠበ ጋቢ በጥጥ ክር የተጠለፈ ስጡ። ሳባና ወርቃማ ክር ያለበትን ለዓመት በዓል ብቻ ለሚወጣ ልብስ ተዉት።

ስሙና ቀኑ

ፀሐይ ወይስ ጸሐይ? ዓለም ወይስ አለም? ኃይሉ ወይስ ሀይሉ? ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው፤ ለባለቤቱ ግን ስሙ የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። መታወቂያ፣ የምረቃ ወረቀት ወይም የሠርግ ጥሪውን ተመልከቱ። በሰው ጠይቃችሁ አትርኩ፤ የቅርብ ዘመድም ይሳሳታል።

ቀን ከተጻፈ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቅ። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ዓመት ነው፤ ጥር 2018 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 2026 ነው። በግዕዝ ቁጥር ፳፻፲፰ ተብሎ ሲጻፍ ያምራል፤ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች ግን ቦታ ይፈልጋሉ፣ ከስሙ ፊደል በግማሽ ያህል ከፍ ያለ ቁመት ስጧቸው። አራት ቁጥር ከሆነ በእጅ ጥልፍ ወይም በማሽን ይሁን፤ በሽመና አይነበብም።

ከመስጠታችሁ በፊት

ባለቀለሙን ክር እርጥብ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ደርባችሁበት ለጥቂት ደቂቃ በካውያ ተጫኑት። ቀለም ወደ ጨርቁ ካለፈ፣ ቀይና ጥቁር ይህን ያደርጋሉ፣ በጨው ወይም በኮምጣጤ ይቆማል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ክሩን ቀይሩ። ይህን ፍተሻ ከመጥለፍ በፊት በክሩ ብቻ ማድረግ ጊዜ ያተርፋል። ለተሸመነ ጥበብ ደግሞ ሸማኔው ድሩን ከመወጠሩ በፊት አንድ ክንድ ክር ወስዳችሁ ፈትኑ።

ስሙን ለሌላ ሰው አሳዩና ጮክ ብሎ ያንብብ። ሠሪው ራሱ ያወቀውን ስለሚያነብ ስህተቱ አይታየውም። ጀርባውን በመዳፍ ዳብሱ፤ የሚቆረቁር ነገር ካለ ለስላሳ ስስ ጨርቅ ከላይ ስፉበት። ካውያ ሁልጊዜ ከጀርባ፣ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ።

ከስጦታው ጋር በአጭር ወረቀት እነዚህን ጻፉ፤ በእጅ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ያለ በረኪና፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ላይ። በማሽን ካስፈለገ በመረብ ከረጢት ውስጥ፣ በ30 ዲግሪ ቀስ በሚለው ዙር፣ ያለ ማድረቂያ። የተረፈውን ክር አንድ ሜትር ያህል ከወረቀቱ ጋር ጠቅልሉ፤ አንድ ሰንሰለት ቢበጠስ በዚያው ቀለም ይጠገናል።

ለረዥም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ በፕላስቲክ አይታሸግ። እርጥበቱ ውስጥ ቀርቶ ነጩን ያስቢጫል፤ ንጹሕ የጥጥ ከረጢት ይሻለዋል። አጣጥፋችሁ ስታስቀምጡ እጥፋቱ በጥልፉ መሃል አይለፍ፣ በየጥቂት ወሩም እጥፋቱ ቦታ ይቀየር።